ጎጆዋ ለምን አኮረፈች?

«ግጥም አልወድም። መልሱን የሚያውቀው መምህሩ ብቻ ነው።»

ይህን ያለችው የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ናት። እናትየው የአማርኛ ፈተና ወረቀቷን አጥፈው በቦርሳቸው ይዘውልኝ መጡ። ልጅቱ ከአንዱ ጥያቄ ጎን በእርሳስ «ሁለቱም ሊሆን ይችላል» ብላ ጽፋለች፤ በላዩ ላይ ቀይ ኤክስ ተሰምሮበታል። እናትየው የተከፉት በጎደለው ነጥብ አይደለም። ልጅቱ ማታ ማታ ግጥም የምትጽፍበት ደብተር ነበራት፤ ከዚያ ፈተና ወዲህ አልከፈተችውም።

የፈተናው አጠያየቅ ሁላችንም የምናውቀው ነው። ስንኝ ይሰጣል፤ ከሥሩ «በስንኙ ውስጥ ያለው ዘይቤ የቱ ነው?» ይባላል፤ ተነፃፃሪ፣ ተለዋጭ፣ ሰውኛ፣ ግነት ይደረደራሉ። ቀጥሎ «ገጣሚው ምን ለማለት ፈልጎ ነው?» የሚል ይመጣል፤ ከአራቱ ምርጫ አንዱ ብቻ ትክክል ነው። እኛም እንዲህ ተጠይቀን አድገናል። ልጆቻችንም እንዲህ እየተጠየቁ ነው።

የፈተናውን ግጥም እዚህ አላትመውም። በእሱ ፋንታ ለዚህ ገጽ ስል ራሴ ሁለት ስንኝ ገጥሜአለሁ፤ ባያምር የሚወቀስ ሌላ ሰው የለም።

ጎጆዋ አኩርፋ ጢሷን ዋጠችና፣
ደጁም ቀዘቀዘ እማማ የሉምና።

በተለመደው አጠያየቅ መልሱ ቀላል ነው። ሰው ላልሆነ ነገር የሰው ጠባይ ሲሰጠው ሰውኛ ይባላል፤ ጎጆ አያኮርፍም፤ ስለዚህ «ለ» ይከበባል። ልጁ አንድ ነጥብ አገኘ። እኛ ግን ስለ ልጁ ምን አወቅን? ትርጓሜውን መሸምደዱን። ጎጆዋ ለምን እንዳኮረፈች ይግባው አይግባው ወረቀቱ አይነግረንም።

አሁን ሌላ ጥያቄ እንሞክር። «አኩርፋ» የሚለውን አውጥተን «ተዘግታ» እናስገባ። ጎጆዋ ተዘግታ ጢሷን ዋጠችና። ምጣኔው አልተዛነፈም፤ ሁለቱም ቦታ ስድስት ቀለም ነው። ትርጉሙም የተበላሸ አይመስልም፤ ቤቱ ሰው የለበትም፣ እሳት አልነደደበትም። ታዲያ ምን ጎደለ?

እዚህ ላይ ኩርፊያን ማሰብ ያስፈልጋል። ሰው የሚያኮርፈው የቀረበውን ነው። መንገድ ላይ ገፍቶን ያለፈውን ሰው እንቆጣዋለን እንጂ አናኮርፈውም። ያኮረፈ ሰው ደግሞ ፊቱን አዙሮም ቢሆን አንድ ነገር ይጠብቃል፦ እንዲያባብሉት። ጎጆዋ «ተዘግታ» ስንላት ጭቃና ሣር ናት። «አኩርፋ» ስንላት ግን ብቻዋን የተተወች የቤተሰብ አባል ትሆናለች፤ ጆሮዋ ደጅ ደጁን ነው። ቀጥሎ የመጣውን «ዋጠች» ደግሞ እዩት። እንባውን ዋጠ፣ ንግግሩን ዋጠ፣ ንዴቱን ዋጠ እንላለን። የሚዋጠው ሊወጣ የደረሰ ነገር ነው። ጢሱ በአንድ ቃል ምክንያት እንባ ሊሆን ምንም አልቀረው።

የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ይህን ሁሉ እንዲተነትን አልጠብቅም። «ያኮረፈ ሰው እስኪያባብሉት ይጠብቃል፣ የተዘጋ ቤት ግን ማንንም አይጠብቅም» ካለኝ ይበቃኛል። ሰውኛ የሚለውን ስም ቢረሳው እንኳ ሙሉ ነጥብ እሰጠዋለሁ። ስሙን በአምስት ደቂቃ ማስተማር ይቻላል፤ ያኛው ግን በቀላሉ አይመጣም።

«የሉምና» የሚለው ቃል ራሱን የቻለ ፈተና ነው። አንደኛ፣ እማማ ሞተዋል ወይስ ሄደዋል? ስንኙ አይናገርም። «አኩርፋ» ወደ መሄዱ ያደላል፤ የምናኮርፈው ይመለሳል ብለን የምናስበውን ነውና። «ቀዘቀዘ» ደግሞ ወደ ሞቱ ይስባል። ሁለተኛ፣ «የለችም» ሳይሆን «የሉም» ተብሏል። ተናጋሪው ማን ነው ማለት ነው? እናቱን «አንቺ» እያለ ያደገ ልጅ ይህን ሲያነብ ተናጋሪው ጎረቤት ነው ይላል። እናትን «አንቱ» በሚሉበት ቤት ያደገው ግን የራሳቸው ልጅ ሊሆን ይችላል ብሎ ይከራከራል። ሁለቱም ልጆች ከቃሉ ተነሥተዋል፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው። የዚያች የሰባተኛ ክፍል ልጅ «ሁለቱም ሊሆን ይችላል» የሚል ማስታወሻ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ የተጻፈ ነበር። ኤክስ ከማድረግ ይልቅ «ከየትኛው ቃል ተነሥተሽ?» ብሎ መጠየቅ ይገባ ነበር። መልስ ካላት ከክፍሉ ሁሉ ጠልቃ ያነበበችው እሷ ናት። ከሌላት ደግሞ መምረጥ ፈርታ ይሆናል፤ ይህም ይታወቅ ነበር።

ይህን ስል አንዳንድ ወላጆች ወዲያው «ታዲያ ግጥም ውስጥ ስሕተት የሚባል ነገር የለማ!» ይሉኛል። አለ እንጂ። አንድ ልጅ «ጎጆዋ ተቃጥላለች» ብሎ ቢጽፍ ስሕተት ነው። ጢሱ ተዋጠ እንጂ አልተነሣም፤ ደጁም ቀዝቅዟል። ስንኙ ይህን ንባብ አይሸከመውም።

ግን እዚህም ቆም ማለት ጥሩ ነው። ልጁ ለምን ቃጠሎ አሰበ? ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ በኤሌክትሪክ ምድጃ በሚበሰልበት ቤት ላደገ ልጅ ጢስ ማለት አደጋ ነው። ማለዳ ከሣር ክዳን ላይ የሚወጣ ጢስ «ሰው አለ፣ ቁርስ እየተሰናዳ ነው» ማለት እንደሆነ ከየት ይወቀው? ይህ ልጅ የወደቀው ግጥም ማንበብ ላይ አይደለም፤ ነገሩን አያውቀውም። ፈተናው ሁለቱን ካልለየ ወላጅ «ልጄ ሥነ ጽሑፍ አይገባውም» ብሎ ይደመድማል። አንድ ቅዳሜ አያቱ ቤት ማደር የሚያቃናውን ነገር በአስጠኚ ሊያስተካክለው ይሞክራል።

ስለዚህ ጉዳይ በሰፊው ከሞከሩት ሰዎች አንዱ በኬምብሪጅ ያስተማረው አይ. ኤ. ሪቻርድስ ነው። ለተማሪዎቹ የገጣሚው ስም የሌለባቸውን ግጥሞች እያደለ የተረዱትን በነፃነት እንዲጽፉ አደረገ። በ13 ግጥሞች ላይ የጻፉትን ሰብስቦና አብጠርጥሮ በ1929 እ.ኤ.አ. «ፕራክቲካል ክሪቲሲዝም» በሚል መጽሐፍ አወጣው። ተማሪዎቹ በደንብ የተማሩ ነበሩ። ሆኖም ብዙዎቹ የተደናቀፉት ረቂቁ ምስጢር ላይ ሳይሆን ግጥሙ በግልጽ የሚለውን መረዳት ላይ ነበር። ሌላው የለየው ችግር ደግሞ የእኛን ክፍሎች ያየ ያስመስለዋል። አንባቢው ግጥሙን ከማንበቡ በፊት ስሜቱ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። «እናት» የሚል ቃል ካየ «ግጥሙ የእናትን ፍቅር ይገልጻል» ብሎ ይጽፋል። «ሀገር» ካየ «የሀገር ፍቅር»፤ «ጽጌረዳ» ካየ «ውበት»። የእኔንም ጎጆ ለልጆች ብትሰጡ ግማሾቹ «የእናት ፍቅር» እንደሚሉ እወራረዳለሁ። መልሱ ስሕተት ነው ማለት ይከብዳል። ግጥሙን ሳያነቡም ግን ሊጻፍ ይችላል፤ ስለዚህ ምንም አይለካም።

«ገጣሚው ምን ለማለት ፈልጎ ነው?» ስለሚለው ጥያቄ ደግሞ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። በአሜሪካ የቴክሳስ ግዛት ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል ተማሪዎች በሚሰጠው ፈተና ላይ የሣራ ሆልብሩክ ግጥሞች ገብተው ነበር። ገጣሚዋ ጥያቄዎቹን አግኝታ ስትሞክር ስለ ገዛ ግጥሟ የተጠየቀውን መመለስ አቃታት፤ ይህንኑ በ2017 እ.ኤ.አ. ጽፋ አሳተመች። ግጥሙ ለምን በሁለት አንጓ እንደተከፈለ የሚጠይቅ ነበረበት። የእሷ ምክንያት መድረክ ላይ ስታነበው እዚያ ጋ ትንፋሽ ስለምትወስድ ነው። ያንን የሚል ምርጫ አልነበረም።

ብዙ ሰው ከዚህ ታሪክ «ገጣሚውን ካልጠየቅን አናውቅም» የሚል ትምህርት ይወስዳል። እኔ አልስማማም። ገጣሚ ያላሰበው ነገር በቃሉ ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ አንባቢም ሊያገኘው መብት አለው። የገጣሚውን ሐሳብ ማሳደድ ግን ልጁን ወደ ግምት ይመራዋል። የሚገምተውም የገጣሚውን ሳይሆን የፈተና አውጪውን ሐሳብ ነው። «ግጥሙ ምን ይላል? በየትኛው ቃል?» ብንል ልጁ ዓይኑን ወደ ወረቀቱ ይመልሳል።

በእኛ ዘንድ ለዚህ የሚሆን የቆየ አጠያየቅ አለ፤ የሰምና ወርቅ። ስሙ ራሱ ከአንጥረኛ ቤት የመጣ ነው። አንጥረኛው ጌጡን መጀመሪያ በሰም ይቀርጻል፤ በሸክላ ይለብጠዋል፤ ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በቦታው ወርቁ ይፈስሳል። በክፍል ውስጥ ልጁ ኅብረ ቃሉን ያወጣል፣ ሰሙን ይጽፋል፣ ወርቁን ይጽፋል። ሦስቱም ከቃል የሚነሡ ናቸው፤ በግምት አይመለሱም። ችግሩ የምንሰጣቸው ስንኞች ከአባት ወደ ልጅ የተላለፉ ጥቂት ስንኞች ብቻ መሆናቸው ነው። ወርቁ ከነ መልሱ በደብተር ተገልብጦ ያድራል። አዲስ ስንኝ ካልሆነ ማስታወስን እንጂ ማስተዋልን አንለካም። ለምሳሌ ያህል፦

እስረኛው ወንድሜ ፊደል ቆጥሮ ቆጥሮ፣
ከቤቱ ገባልኝ ተማረ ዘንድሮ።

ኅብረ ቃሉ «ተማረ» ነው። ሰሙ ዕውቀት ቀሰመ፤ ወርቁ ምሕረት ተደረገለት። (በጥንቃቄ የሚጽፉ ሰዎች ትምህርትን በሃሌታው «ህ»፣ ምሕረትን በሐመሩ «ሕ» ይለያሉ፤ «ተማረ» ላይ ሲደርሱ ግን ሁለቱም አንድ ይሆናሉ። ይህችን ለልጅ መንገር ደስ ይላል።) ልጁ እስከዚህ ከደረሰ በኋላ አንድ ጥያቄ ጨምሩበት፦ «ወደ ሰሙ የሚያታልልህ የትኛው ቃል ነው? ወደ ወርቁ የሚጠቁምህስ?» «ፊደል ቆጥሮ» ማታለያው ነው። «እስረኛው» እና «ከቤቱ ገባልኝ» ጠቋሚዎቹ ናቸው። እነዚህን በጣቱ ያሳየ ልጅ መልሱን ከጓደኛው እንዳልቀዳ እርግጠኛ መሆን ይቻላል።

የቅኔ ጉባኤ ቤቶች ከዚህም ያለፈ መንገድ አላቸው። በዋሸራም በሉት በጎንጅ ወይም በዋድላ፣ ተማሪው «ይህ ምን ዓይነት ቅኔ ነው?» ተብሎ ብቻ አይለካም። ራሱ ይቆጥራል፤ በዚያ ቤት መቁጠር ማለት አሰላስሎ መድረስ ነው። ሁለት ቤት ብቻ ካለው ከጉባኤ ቃና ይነሣና ስምንት ቤት ወዳለው ወደ መወድስ ያድጋል። የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ የጎደለውን እየሞሉ፣ የተጣመመውን እያቃኑ ይመልሱለታል። ራሱ ሰምና ወርቅ ያልሠራ ሰው የሌላውን መፍታት እንደሚከብደው የገባቸው ሰዎች ያቆሙት ሥርዓት ነው። የኛም ልጆች ስለ ምጣድ፣ ስለ ቁልፍ፣ ስለ ታክሲ ወረፋ አንድ የሰውኛ ስንኝ ቢጽፉ ስለ ሰውኛ ከአሥር ምርጫ ጥያቄ የበለጠ ይነግሩናል።

መምህራን ይህን ሲያነቡ ምን እንደሚሉ አውቃለሁ። 60 ተማሪ ባለበት ክፍል የአንዱን ልጅ ማብራሪያ ለማረም ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ለአንድ ጥያቄ ብቻ ሁለት ሰዓት ይሄዳል። ልክ ናቸው። ግን ምርጫም ቢሆን ከዚህ የተሻለ ሊጠይቅ ይችላል። «በመጀመሪያው ስንኝ ‹አኩርፋ› በ‹ተዘግታ› ቢተካ ግጥሙ የሚያጣው ምንድን ነው? ሀ. በቤቱ ሰው አለመኖሩን፤ ለ. በጎጆዋና በእማማ መካከል ያለውን ቅርበት፤ ሐ. ምጣኔውን፤ መ. ቤት መምታቱን።» እዚህ የተሳሳተው ምርጫም ይናገራል። «ሐ»ን የመረጠ ልጅ ስንኙን ጮክ ብሎ ማንበብ ያስፈልገዋል። «ሀ»ን የመረጠው ደግሞ ሁለቱን ቃላት ገና አልለያቸውም። በወር አንዴ ደግሞ አንድ ጥያቄ ብቻ በጽሑፍ ቢሆን፣ እኔ ከ4 ነጥብ እንዲህ አከፋፍላለሁ፦ ግጥሙ በግልጽ የሚለውን ከያዘ 1፣ ቃሉን ነቅሶ ካሳየ 1፣ ቃሉ ምን እንደሚሠራ በራሱ አነጋገር ካስረዳ 2። የዘይቤው ስም ነጥብ የለውም፤ ከጻፈው ደስ ይለኛል።

ቤት ውስጥ ይህን ሁሉ ያለ ወረቀት ማድረግ ይቻላል። አማርኛ የሚናገር ልጅ ገና ትምህርት ቤት ሳይገባ በዘይቤ ውስጥ ነው የሚኖረው። ሆዴ ባባ፣ አንጀቴን በላው፣ ልቡ ሸፈተ፣ እጁ ረጅም ነው ሲባል ይሰማል። «ሆደ ሰፊ ሰው ብዙ ይበላል?» ብላችሁ ጠይቁና ሲስቅ «ታዲያ ሆዱ ውስጥ ምን ነው የሚሰፋው?» በሉት። በውጭ ሀገር የምታሳድጉ ወላጆች ይህን በደንብ ታውቁታላችሁ፤ «ሆዴን ባር ባር አለው» ስትሉ የሆድ መድኃኒት ሊያመጣላችሁ የሚሮጥ ልጅ አላችሁ። እሱ አማርኛው ደካማ ስለሆነ አይደለም፤ ስሜት በሆድ የሚኖርበት ቋንቋ ውስጥ ገና ስላልገባ ነው።

ለቃላት ምርጫ ደግሞ ከሞት የተሻለ ማስተማሪያ አላገኘሁም፤ ጨለምተኛ ብትሉኝም። ሞተ፣ አረፈ፣ አሸለበ፣ ተሰዋ፣ ድፍት አለ። «ስለ አያትህ ስትናገር የትኛውን ትላለህ? ስለ ዘማች ወታደርስ? በተረቱ ውስጥ ስላለው ክፉ ንጉሥስ?» ልጁ ለንጉሡ «አረፈ» ብሎ ቢመርጥ አታርሙት፤ ለምን እንዳለ ጠይቁት። ምናልባት አዝኖለት ይሆናል።

ወደ መምህሩ ስትሄዱም አካሄዱን ማሳመር ነው። ለነጥብ የመጣ ወላጅ በር ላይ ይታወቃል። የዚያችን ልጅ እናት «ወረቀቱን ይዘው ሄደው ነጥቡ እንዲስተካከል አይጠይቁ፤ ‹ልጄ እንዲህ ያለችው ከየትኛው ቃል ተነሥታ እንደሆነ አምስት ደቂቃ ቢሰሟት› ብለው ይለምኗቸው» አልኳቸው። ልጅቱም አብራ ብትሄድ ይሻላል። ምክንያቷን ማስረዳት ያለባት እሷ ናት እንጂ እናቷ አይደሉም።

ለዚህ ወር ደግሞ ቡና በሚፈላበት ሰዓት ይህችን ለልጆቻችሁ አንብቡላቸው፦

ጀበናው ሲፎክር እሳቱን ተማምኖ፣
ሲኒው ይጠብቃል ከረከቦት ሆኖ።

ሁለት ጥያቄ ብቻ ጠይቁ። «ሲፎክር» በሚለው ፋንታ «ሲንተከተክ» ቢባል ምን ይቀራል? ሲኒውስ ዝም ብሎ የሚጠብቀው ፈርቶ ነው ወይስ መጨረሻውን ስለሚያውቅ? በየትኛው ቃል እንደሆነ ሳያሳዩዋችሁ ቡናውን አትቅዱ።